የሁለት ደቂቃ መክፈቻ

በካምብሪጅ ዓለም አቀፍ የሚዲያ ጥናት ትምህርት ውስጥ በጣም የምወደው ሥራ አለ፦ የአዲስ ልብ ወለድ ፊልም መክፈቻ ከነርዕሱና ከነስም ጽሑፉ፣ ከሁለት ደቂቃ ሳይበልጥ ሠርቶ ማቅረብ። የቀረው ፊልም አይሠራም። ተማሪው ታሪኩን ሳይነግረን እንድንጓጓ ማድረግ ይጠበቅበታል፤ ይህ ደግሞ ለጀማሪ የሚሰጥ ትልቅ ክብር ነው።

ሙዚቃ ከቅጂ መብት ነፃ ከሆነ ምንጭ መውሰድ ይፈቀዳል፤ ምስሉ ግን የራስ መሆን አለበት። ለምሳሌ የበር እጀታ የሚይዝ እጅ ብቻውን በቅርበት ይቀረጻል። የቁልፉ ድምፅ ለብቻው ይቀዳል። ኤዲቲንግ ላይ ድምፁ ከምስሉ በትንሹ ሲቀድም፣ በጨለማው ስክሪን ላይ መጀመሪያ ቁልፉ ሲዞር ይሰማል፣ እጁ በኋላ ይመጣል። ያችን ቅንጣት ሰከንድ በራስ እጅ ማግኘት እንዴት ደስ ይላል! ልብ አንጠልጣይ የሚባለው ነገር ከምን እንደሚሠራ የሚገባው ያኔ ነው።

ይህን ለመማር ብዙዎች የርዕስ ንድፍ ባለሙያው ካይል ኩፐር እ.ኤ.አ. በ1995 ለወጣው «ሰቨን» ፊልም የሠራውን መክፈቻ ደጋግመው ያያሉ፤ ደግሞም ይገባዋል። የፊልሙ ገዳይ ፊት አይታይም። ጣቶቹ፣ ምላጩ፣ በጽሑፍ የታጨቁት ደብተሮቹና የተጫጫሩት ፊደላት ግን ሰውየውን ያሳውቁናል።

የተዋናዮች ስም የት ይግባ የሚለውም ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ ዓይን የበሩን እጀታ ከያዘው እጅ ላይ እንዳይነሣ ጽሑፉ ባዶው ጥግ ላይ ይቀመጣል። እኔ ይህን ሥራ ከሠራሁ ወዲህ ሲኒማ ቤት ዘግይቼ መግባት አልወድም።