ሞት የዘመን ጉዳይ ነውን? የኤቲንገር «የኢመዋቲነት ተስፋ» ከጊንጪ ሲነበብ

አሜሪካዊው የፊዚክስ መምህር ሮበርት ኤቲንገር እ.ኤ.አ. በ1962 በራሱ ወጪ ያሠራጨው፣ በ1964 ደግሞ በታላቅ አሳታሚ ድርጅት አማካይነት ለሰፊው ሕዝብ የቀረበው «የኢመዋቲነት ተስፋ» የተሰኘ መጽሐፍ፣ ዛሬ ክራዮኒክስ ለሚባለው ልማድ መሠረት የጣለ ሥራ ነው። ክራዮኒክስ ማለት በሕግ ሞቷል የተባለን ሰው አስከሬን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ የፈሳሽ ናይትሮጅን ቅዝቃዜ ውስጥ ማቆየትና፣ መጪው ዘመን በሽታውንም ሞቱንም ይፈውስለታል ብሎ ተስፋ ማድረግ ነው። እስከ ዛሬ ጥቂት መቶ ሰዎች በዚህ መንገድ ተቀምጠዋል፤ ውሾቻቸውንና ድመቶቻቸውን ያስቀመጡም አሉ። ለአገራችን አንባቢ ነገሩ የባዕድ ቅንጦት መስሎ ሊታይ ይችላል። መጽሐፉ የሚያነሣው ጥያቄ ግን የማንኛውም ሐኪም የዕለት ጥያቄ ነው፦ አንድ ሰው ሞተ የሚባለው መቼ ነው?

የመጽሐፉ ጭብጥ

ኤቲንገር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ክፉኛ ቆስሎ ረጅም ጊዜ በሆስፒታል ያሳለፈና በአጥንት ንቅለ ተከላ የታከመ ሰው ነበር። ሕክምና የትናንቱን የማይቻል ዛሬ እንደሚያስችል በገዛ አካሉ አይቷል። የመከራከሪያው ፍሬ ነገርም ይኸው ነው። ሞት ድንገተኛ ክስተት ሳይሆን ሂደት ነው፤ ሐኪምም «ሞቷል» ሲል «በእጄ ባለው መሣሪያና ዕውቀት ልመልሰው አልችልም» ማለቱ ነው። ደረትን በመጫን የቆመ ልብን የማንቀሳቀስ ዘዴ በሕክምና መጽሔት የታተመው በ1960፣ ማለትም መጽሐፉ መጀመሪያ ከመሠራጨቱ ሁለት ዓመት ብቻ ቀደም ብሎ ነበር። ከዚያ በፊት እንደ ሬሳ ይቆጠር የነበረ ሰው ከዚያ በኋላ በሽተኛ ሆኗል።

ይህ ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም፤ የመጽሐፉም ምርጥ ክፍል ይኸው ነው። ደራሲው ከዚህ ተነሥቶ ወደ ሕግ፣ ወደ ሃይማኖት፣ ወደ ኢኮኖሚና ወደ ሰው ማንነት ሲሻገር ግን እርምጃው ከማስረጃው ይፈጥናል። የሚጠቅመው ነገር ሁሉ «ወደፊት ይገኛል» በሚል ብድር ይከፈላል።

ከሕዋስ እስከ ሰው

የመጽሐፉ ሳይንሳዊ መነሻ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በ1949 ያሳተሙት ግኝት ነው፦ ግሊሰሮል የተጨመረበት የወንድ ዘር ሕዋስ ቀዝቅዞና ቀልጦ በሕይወት ሊተርፍ ይችላል። ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ባሕር ማዶ መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1981 ቃሊቲ የተቋቋመው ብሔራዊ የሰው ሠራሽ ማዳቀያ ማዕከል የኮርማ አባላዘር በፈሳሽ ናይትሮጅን እያቆየ ለገጠሩ ሲያሠራጭ ኖሯል። በሆለታ፣ በጊንጪና በአምቦ መስመር የከብት እርባታን የሚያውቅ ሰው ያንን ጭስ የሚመስል እንፋሎት የሚወጣበትን መያዣ ያውቀዋል።

ይሁን እንጂ ከዚያ መያዣ የሚገኘው ትምህርት ኤቲንገር ከሚለው ይለያል። የዘር ሕዋስ ደቃቅና ብቸኛ ነው፤ ግሊሰሮሉ እኩል ይዳረሰዋል፤ ቅዝቃዜውም ሙቀቱም ቶሎ ይደርሰዋል። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ሲቀልጡ ይሞታሉ፤ ነገር ግን ሚሊዮኖች ስላሉ የተረፉት ይበቃሉ። አንጎል ግን በቢሊዮን የሚቆጠሩ፣ እርስ በርሳቸው የተሳሰሩ ሕዋሳት ያሉበት አካል ስለ ሆነ ግማሹ ቢተርፍ ይበቃል አይባልም። የበረዶ ቅንጣት እንዳይፈጠር ሰውነትን ወደ ብርጭቆ መሰል ሁኔታ የሚለውጡት የዛሬ ዘዴዎችም የየራሳቸው ጣጣ አላቸው፦ የኬሚካሎቹ መርዛማነት፣ የስንጥቃት አደጋና በእኩል ፍጥነት የማሞቅ ችግር።

ሳይንሱ ግን አልቆመም። በ2023 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እስከ 100 ቀን በዚህ ሁኔታ የቆዩ የአይጥ ኩላሊቶችን አሙቀው በመትከል አይጦቹን በሕይወት አቆይተዋል። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 የኩላሊት ንቅለ ተከላ ለጀመረች አገር ይህ ዜና ከአስከሬን ማቀዝቀዝ ይልቅ እጅግ የሚያጓጓ ነው። ያም ሆኖ የአይጥ ኩላሊት የሰው ኩላሊት፣ የሰው ኩላሊትም ሰው አይደለም። ከዚህ ቅዝቃዜ ወጥቶ ነፍስ የዘራ ሙሉ አካል ያለው አጥቢ እንስሳ እስከ ዛሬ የለም። ደጋፊዎች «የአንጎሉ መዋቅር ከተጠበቀ ሥራውን የኋላው ዘመን ይመልሰዋል» ይላሉ። ይህ ግን ወደፊት ሊፈተን የሚችል ግምት እንጂ ለታማሚ የሚታዘዝ ሕክምና አይደለም።

በጊንጪ ዙሪያ አንድ ክልስ ጥጃ አባቱ ከሞተ በኋላ ሊወለድ ይችላል፤ ኮርማው ግን አይመለስም። ቅዝቃዜው ዘሩን አሻገረ እንጂ ባለ ዘሩን አላሻገረም።

ቃሉን ማን ይጠብቀዋል?

ናይትሮጅን ሳያቋርጥ ይተናል። ስለዚህ ቅዝቃዜ የዕቃው ጠባይ ሳይሆን የሰው ትጋት ነው። አዳቃይ ባለሙያ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ መያዣው አንድ ጊዜ ደርቆ ከሞቀ እንደገና ቢሞላም በውስጡ የነበረው ዘር ዋጋ የለውም። ኤቲንገር ይህን ትጋት ለመቶ ዓመታት ማን እንደሚሸከመው ሲያስረዳ በገበያና በወለድ እጅግ ይተማመናል።

ታሪክ ለዚህ መልስ ሰጥቷል። በጥር 1967 መጀመሪያ የቀዘቀዘው የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ጄምስ ቤድፎርድ ከቦታ ቦታ እየተዘዋወረ ዛሬም ተጠብቆ ይገኛል። በካሊፎርኒያ ቻትስዎርዝ መካነ መቃብር ግን የአንድ ማኅበር ገንዘብ ሲያልቅ ዘጠኝ አስከሬኖች ቀልጠው መበስበሳቸው በ1979 ታውቆ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሷል። የኤቲንገርን ቅንነት መጠራጠር አይገባም፤ በ1977 እናቱን፣ በኋላም ሁለቱን ሚስቶቹን አስቀምጧል፤ እርሱም በ2011 በ92 ዓመቱ ሲሞት ራሱ በመሠረተው ተቋም 106ኛ ሆኖ ተቀምጧል። ለሌላው ያዘዘውን መድኃኒት ራሱ የወሰደ ሰው ነው። ዳሩ ግን ቅንነት ማስረጃን አይተካም፤ በዚያው ተቋም ዝቅተኛው ዋጋ 28 ሺህ ዶላር ሆኖ ሲጠራ ደግሞ ተስፋውን የሚገዛው ቤተ ሰብ ምን እንደ ገዛ ማወቅ ይገባዋል።

ሐዘንና እርም

በመጽሐፉ ውስጥ እጅግ የሳሳው ስለ ሐዘንተኞች የሚናገረው ነው። በጊንጪ ሰው ሲሞት ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ቀብሩ በዚያው ዕለት ወይም በማግሥቱ ይፈጸማል፣ ጎረቤት ለቅሶ ይደርሳል፤ የእምነቱ ሥርዓት ቢለያይም ቤተ ዘመድ እርሙን ያወጣል። የቀዘቀዘ ሰው ዘመዶች እርማቸውን የሚያወጡት መቼ ነው? ኤቲንገር ይህን ጥያቄ እንደ ኋላ ቀር ልማድ ብቻ ሊያልፈው አይችልም፤ ምክንያቱም ሐዘን ራሱ የጤና ጉዳይ ነውና።

በ2016 በእንግሊዝ አገር በካንሰር የምትሞት የ14 ዓመት ልጅ አስከሬኗ እንዲቀዘቅዝ ፈለገች፤ ወላጆቿ ስላልተስማሙ ጉዳዩ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ቀረበ። ዳኛው ስለ ዘዴው ትክክለኛነት ሳይፈርዱ ውሳኔውን ለእናቷ ሰጡ። ሆስፒታሉ ኋላ ለፍርድ ቤቱ ባቀረበው ማስታወሻ፣ በልጅቱ የመጨረሻ ቀን እናቲቱ ከሞት በኋላ ባለው ዝግጅት ተጠምዳ ለልጇ በሙሉ ልብ ልትገኝላት እንዳልቻለች ሠራተኞቹ መታዘባቸውን ገልጿል። እናትን መውቀስ አይገባም። ሆኖም የነገ ተስፋ የዛሬን ስንብት ሊወስድ እንደሚችል ይህ አንድ ማስታወሻ ከብዙ ክርክር በላይ ያስረዳል።

ዘመን ወይስ ቦታ?

ወደ መጽሐፉ ዋና ክርክር እንመለስ። ኤቲንገር ሞት የዘመን ጉዳይ ነው ይላል። ከአዲስ አበባ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በአምቦ መንገድ ላይ ከምትገኘው ከጊንጪ ሲታይ ግን ሞት የቦታ ጉዳይም ነው። ከወለደች በኋላ ደም የሚፈሳት እናት፣ ሲወለድ ያልተነፈሰ ሕፃን፣ በደንዲ ወረዳ የገጠር ቀበሌ ልቡ የቆመ ጎልማሳ፣ ከጥቂት ኪሎ ሜትር ማዶ ቢሆኑ ኖሮ በሽተኞች ይባሉ ነበር። እነርሱ የሚጠብቁት ሕክምና ያልተፈለሰፈ ሳይሆን ያልደረሰ ነው።

እነርሱን የሚያድነው ቅዝቃዜም ሌላ ነው። የወሊድ ደም መፍሰስን የሚከላከለው ኦክሲቶሲንና አብዛኞቹ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ለመስጠት የተዘጋጀ ደምም በዚሁ አካባቢ መጠበቅ አለባቸው። መብራት በጠፋ ሌሊት የጤና ጣቢያውን ማቀዝቀዣ የሚከታተለው ባለሙያ፣ ኤቲንገር ለመቶ ዓመታት የተመኘውን ትጋት በየዕለቱ ይፈጽማል፤ ውጤቱም በማግሥቱ ይታያል።

ስለዚህ ፍርዳችን ሁለት ገጽ አለው። «የኢመዋቲነት ተስፋ» ሐኪም «ሞቷል» የሚለውን ቃል ምን ያህል ተጠንቅቆ መናገር እንዳለበት ያስተምራልና መነበብ ይገባዋል። እንደ ሕክምና መመሪያ ግን ሊወሰድ አይገባውም። ታማሚ ወይም ቤተ ዘመድ ስለ ክራዮኒክስ ቢጠይቀን አናፊዝበት፤ ሕዋስ እንደሚተርፍ፣ ሰው ግን እስከ ዛሬ እንዳልተመለሰ በግልጽ እንንገረው። ከዚያም ኤቲንገር ለነገ ሐኪሞች የተወውን ጥያቄ ለራሳችን እናቅርበው፦ ዛሬ ጊንጪ ላይ ሞተ ያልነው ሰው፣ ዛሬ ሌላ ቦታ ቢሆን ይሞት ነበርን?