«አሉ» እና «አለ»፦ የባላባት ቤት ቀልድ በአክብሮት ሰዋስው ሲመዘን

በፔካ 12 አማርኛ ከሶማልኛ፣ ከአፋርኛ፣ ከዓረብኛና ከፈረንሳይኛ ጋር ጎን ለጎን ይነገራል። በእንዲህ ያለ ሠፈር አንድ ልብ ወለድ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር ምን እንደሚጎድልበትና ምን እንደሚጨመርበት መጠየቅ ተገቢ ነው። ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን የሚያነሣው በአልደስ ሀክስሊ አስቂኝ ልብ ወለድ፣ በ«ክሮም የሎው» (1921 እ.ኤ.አ.) ላይ ነው።

ታሪኩ ክሮም በተባለ የገጠር ባላባት ቤት ይፈጸማል። ወጣቱ ገጣሚ ዴኒስ በእንግድነት ይመጣል፤ አንን ይወዳታል፤ በመጨረሻም ራሱ ባስላከው ቴሌግራም አመካኝቶ ይሄዳል። በመካከሉ የቤቱ ጌታ ሄንሪ ዊምቡሽ ስለ ቀድሞዎቹ ባለርስቶች የጻፉትን ታሪክ ለእንግዶቹ ያነባሉ። ሰር ሄርኩሊስ ድንክ ናቸው፤ ድንክ ሚስት አግብተው፣ ቤቱን በቁመታቸው ልክ አደራጅተው በክብር ይኖራሉ። ልጃቸው ፈርዲናንዶ ግን ግዙፍ ሆኖ ያድጋል። አንድ ምሽት ከጓደኞቹ ጋር በድንኩ ሽማግሌ አሽከር ላይ ሲሳለቅ አባት ያያሉ። በዚያው ሌሊት ባልና ሚስት ሕይወታቸውን ያጠፋሉ።

እንግሊዝኛው ለአባትም ለልጅም አንድ ተውላጠ ስም ብቻ አለው። ፈረንሳይኛ በ«ቱ» እና በ«ቩ» ደረጃ ቢለይም ልዩነቱ በሁለተኛው መደብ ይቀራል፤ ስለ ሩቅ ሰው ሲተርክ ለጌታውም ለአሽከሩም «ኢል» ይላል። አማርኛ ግን በእያንዳንዱ ግሥ ላይ መምረጥ ግዴታው ነው። ከላይ ባለው ማጠቃለያ አባት «ያያሉ»፣ ልጅ «ያድጋል» ተብሏል። ሀክስሊ ያልጻፉት ፍርድ በአማርኛው ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

ይህ ፍርድ ትክክል ነውን? መልሱን ለመፈለግ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) መመልከት ይበጃል። በዚያም የባላባት ቤት አለ፤ በዚያም ይሣቃል። ተራኪው ግን ፊታውራሪ መሸሻን አንቱታ አይነሣቸውም፤ ባላገሩ በተነሣባቸው ጊዜም እንኳ ግሡ እንዳከበራቸው ይቀጥላል። ሣቁ ከስድብ አይመጣም፤ ግሡ በሚሰጠው ክብርና ሰውየው በሚሠሩት ሥራ መካከል ካለው ርቀት ይመጣል እንጂ። እንግዲህ በአማርኛ ትረካ አንቱታ የማዕረግ ምልክት ነው፤ የተራኪው አድናቆት ምስክር አይደለም።

ይህ ከሆነ ያለፈው ምርጫ መታረም አለበት። ፈርዲናንዶን ባለጌ ስለሆነ ብቻ «አለ» ማለት ለአንባቢው ቀድሞ መፍረድ ነው። ልጅ ሳለ «አለ» ይባል፤ ርስቱንና ማዕረጉን ወርሶ በኋላ ምዕራፍ ሲመለስ ግን «አሉ» ሊባል ይገባዋል። ያን ጊዜ አንባቢው ያው ግሥ፣ በአባት ላይ ሙሉ የነበረው፣ በልጅ ላይ ባዶ ሆኖ ሲያስተጋባ ይሰማል።

ስለዚህ ተርጓሚ ለእንግሊዝኛው እኩልነት ታማኝ ለመሆን ሲል አክብሮቱን በአንድ ደረጃ ባያስተካክለው ይመረጣል። እንግሊዝኛው በቃላት ምርጫ የሚሠራውን ምጸት አማርኛ በግሥ ቅጥያ መሥራት ይችላል፤ ፍርዱም ለአንባቢው ይቀራል።