3608528850368400786036725 የሚባል ጉድ

እስኪ ይህን ቁጥር እዩልኝ! 3608528850368400786036725። ላዩን ሲያዩት እንደነገሩ የተደረደረ፣ መልክም ወግም የሌለው ይመስላል። እርሳስና ወረቀት አንሱና ከግራ ጀምራችሁ አሃዝ በአሃዝ ተከተሉት። 36 ለ2 ይካፈላል። 360 ለ3፣ 3608 ለ4፣ 36085 ለ5፣ 360852 ለ6። አንድ አሃዝ ጨምሩ፤ 3608528 ለ7 ሲካፈል 515504 ይደርሳል፣ ቀሪ የሚባል የለም! ለ8ም፣ ለ9ም እንደዚያው። 13ን የመሰለ አስቸጋሪ አካፋይ ሲመጣ እንኳ የመጀመሪያዎቹ 13 አሃዞች፣ 3608528850368፣ እኩል ይካፈሉለታል። እንዲህ እያለ ይቀጥልና መላው ባለ 25 አሃዝ ቁጥር ለ25 ይካፈላል። አንዲት ቦታ እንኳ ዝንፍ አይልም!

እኔ በዚህ ቁጥር ፍቅር ወድቄያለሁ። የሚገርመው ደግሞ ከባለ አንድ አሃዞቹ ጀምሮ ቢቆጠር ይህ ባሕርይ ያላቸው ቁጥሮች በጠቅላላው 20456 ብቻ መሆናቸው ነው። ባለ ሁለት አሃዞቹ 45፣ ባለ ሦስቶቹ 150 እያሉ ቤተሰቡ ይበዛና ባለ 9 አሃዝ ላይ 2492 ይደርሳል። ባለ 10ሮቹም ያው 2492 ናቸው፤ ለ10 ለመካፈል መጨረሻው የግድ ዜሮ መሆን ስላለበት እያንዳንዱ ባለ 9 አሃዝ የሚወልደው አንድ ልጅ ብቻ ነው። ከባለ 9ኞቹ መካከል ደግሞ 381654729 አለ። ከ1 እስከ 9 ያሉት አሃዞች አንድም ሳይጎድል፣ አንድም ሳይደገም ገብተውበታል። እንዲህ የሆነ ሌላ ቁጥር ከቶ የለም!

ከ11 ጀምሮ ነገሩ ይጠብባል። አንድን ቁጥር ለ11 ስናካፍል ከ0 እስከ 10 አሥራ አንድ ዓይነት ቀሪ ሊመጣብን ይችላል፤ ልንጨምር የምንችለው አሃዝ ግን ከ0 እስከ 9፣ አሥር ብቻ ነው። ስለዚህ አንዳንዱ መቀጠያ ያጣል። አካፋዩ ባደገ ቁጥር መካኑ እየበዛ ይሄድና ባለ 21 አሃዝ ላይ 18 ይቀራሉ። ከዚያ 12። ከዚያ 6። ከዚያ 3። ባለ 25 አሃዝ ላይ አንድ ብቻ፣ እሱም ይኸው የኛው ጉድ!

ቁጥር ማለቂያ የለውም ሲባል እንሰማለን፤ ይህ ቤተሰብ ግን መጨረሻ አለው፣ መጨረሻውንም በእርሳስ ማየት ይቻላል። ባለ 26 አሃዝ እናድርገው ብለን መጨረሻው ላይ ዜሮ እንጨምርና ለ26 እናካፍል። 12 ይቀራል። እኩል እንዲካፈል በዜሮው ምትክ 14 ማስገባት ያስፈልገን ነበር። አንድ አሃዝ ደግሞ ከ9 አይበልጥም!