«ሆድ ይፍጀው» የማን ጥበብ ነው?

የቃል ግጥማችንን የሚያሄስ ሰው ዘወትር የሚሮጠው ወደ ሰምና ወርቁ ነው። ቤት አመታቱን ያደንቃል፤ ኅብረ ቃሉን ፈልቅቆ ያሳያል፤ በመጨረሻም «አበው እንዴት አራቀቁት!» ብሎ ይደመድማል። ግጥሙን ያወረደችው በሌሊት ወፍጮ ላይ የተደፋች ሴት ከሆነችስ? አንደኛ፣ «አበው» ማለቱ ከባለቤትነቷ ይነቅላታል። ሁለተኛ፣ ወርቁን እንድትደብቅ ያስገደዳት ምን እንደሆነ ሳይጠየቅ ይቀራል። ይህን ሳይጠይቅ ያለፈ ኀያሲ፣ ያደነቀው የታፈነ ጩኸት ነው ቢባል አይበዛበትም።

ለዚህ ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን እንውሰድ። ከጉና ተራራ ግርጌ አንሥቶ ወደ ዓባይና በሽሎ ቆላ የሚወርደው ይህ የገበሬ አገር፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻ ለረጅም ዘመን ከጸናባቸው የአማራ አካባቢዎች አንዱ ነው። ልጅን በጊዜ መዳር ለወላጅ ጭካኔ ሆኖ አይታየውም። ሁለት ቤት ማዛመድ ነው፤ «ቆማ ቀረች» ከሚል ሐሜት መዳን ነው፤ ሞት ሳይቀድም ወግ ማየት ነው። ልጅቱ ግን ገና ልጅነቷን ሳትጨርስ የሰው ቤት ምራት ትሆናለች። የሚጠበቅባት «ጨዋነት» ነው፤ ትርጉሙም ሲፈታ ድምፅ አለማሰማት ነው። ለባሏ፣ ለአማቷ፣ ለጎረቤት የማይነገረውን «ሆድ ይፍጀው» ብላ ትውጠዋለች። የተዋጠው ደግሞ በሰውነቷ በኩል ይወጣል። «ራሴን ያዞረኛል፣ ልቤን ያፍነኛል፣ አንጀቴን ያቃጥለኛል» ትላለች። ጭንቀት የሚባለውን በሽታ ሐኪሙ በስሙ ሳይጠራው በፊት እርስዋ እንዲህ ስትገልጸው ኖራለች።

ባህሉ ግን መተንፈሻ ጨርሶ አልነሣትም። አንዱ ወፍጮው ነው። መጁ ሲጮህ ቃሏ በከፊል ይሸፈናል፤ ለእናቷ የምታንጎራጉር መስላ አማቷን ትወቅሳለች፤ ድንጋዩን እየረገመች ባሏን ትናገራለች። የሰማ ቢኖር «ዘፈን ነው» ትላለች። ሁለተኛው ልቅሶ ነው። በሰው ቀብር ላይ ሙሾ የምታወርድ ሴት የራሷንም አብራ ታለቅሳለች፤ ማንም «ለማን ነው የምታለቅሽው?» አይላትም። ሦስተኛው ዛር ነው። ሴቲቱ ራሷ ብትጠይቅ የማታገኘውን አዲስ ልብስ፣ ሽቶ፣ ዕረፍት፣ ዛሩ ሲጠይቅላት ባል አበድሮም ቢሆን ያቀርባል። የሚስቱን ቃል ያልሰማ ሰው የዛሩን ትእዛዝ ይፈጽማል!

ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ክረምት ጎንደር ከተማ ገብቶ፣ በአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ አስተርጓሚነት፣ መልካም አየሁ የተባለችውን የዛር አለቃና ተከታዮቿን ለወራት ሲመለከት ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው ጥናቱም የዛሩን ሥርዓት ከቴአትር ጋር አነጻጽሮ መረመረው። ንጽጽሩ ብልህ ነው። ሆኖም ቴአትር ሲያልቅ ተዋናይ ልብሱን አውልቆ ወደ ራሱ ኑሮ ይመለሳል። የዛር ባለቤት የምትመለሰው ወዳሳመማት ኑሮ ነው። የሦስቱም መተንፈሻዎች ድካም እዚህ ላይ ነው፤ ሕመሙን ያስተነፍሳሉ፣ የሕመሙን ምክንያት አይነኩም። እንዲያውም ሴቲቱ እስክትነጋ ያለቀሰችው ልቅሶ፣ ሲነጋ ዝም እንድትል ጉልበት ይሆናታል።

የጽሑፍ ሥነ ጽሑፋችንስ? ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ከዓባይ ማዶ ጎጃም ላይ ሰብለ ወንጌልን አሳይተውናል። አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ለክብራቸው የሚመጥን ባል ሲመርጡ የልጅቱ ዕድሜ ይነጉዳል፤ ደራሲውም የውስጧን ብቸኝነት ገልጠው ጽፈውላታል። ለሰብለ ጋብቻው ዘገየ፤ ለገበሬው ልጅ ግን ቀደመ። የሁለቱንም ዕድል የሚቆርጠው ያው ሌላ ሰው ነው። ልዩነቱ፣ የባላባቱ ልጅ ሐዘን መጽሐፍ አገኘ፤ የገበሬው ልጅ ሐዘን በወፍጮው ላይ ቀረ።

አሁን ደግሞ ወፍጮውም እየሄደ ነው። የሞተር ወፍጮ ክንዷን አሳርፏል፤ ይህን የሚጠላ ሰው አንድ ሌሊት ፈጭቶ ይሞክረው! ብቻዋን የምታወጋበት ሰዓት ግን አብሮ ሄዷል፤ በምትኩ የተሰጣት ሰሚ ጆሮ የለም። ሕጉ በበኩሉ ተራምዷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ 15 ዓመትን ይበቃል ሲል፣ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ 18 አድርጎታል፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. ተከትሏል። የ1997ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 648 ያስቀጣል። ሕግ ሠርግ ያስቀር ይሆናል፤ ቀድሞ የተዳረችውን ግን «ምን ሆንሽ?» ብሎ አይጠይቃትም።

እንግዲህ የቃል ግጥም ሰብሳቢዎቻችን አንድ ነገር ይጨምሩ። ከግጥሙ አጠገብ ማን እንዳለችው፣ ስንት ዓመቷ እንደነበር፣ በስንት ዓመቷ እንደተዳረች፣ ስትለውም በቤቱ ውስጥ ማን ይሰማት እንደነበር ይመዝግቡ። «ባህላችን» እያልን የምናወድሰውም «ኋላ ቀርነት» እያልን የምንነቅፈውም፣ ሁለታችንም እስካሁን ስለ እርስዋ ተናገርን እንጂ እርስዋን አልሰማንም። «ሆድ ይፍጀው» የትዕግሥት ጥበብ ነው ከማለታችን በፊት፣ የሚፈጀው የማን ሆድ እንደሆነ እንወቅ።