ብሮሹሩ ላይ ያለችው ልጅ

እህቴ ባለፈው ዓመት ከትምህርት ቤቶች አውደ ርዕይ አንድ ፌስታል ሙሉ ብሮሹር ይዛ ገባች። የ3 ዓመት ልጇን ልታስመዘግብ ነው። ያለነው ዋሽንግተን ዲሲ ነው። እዚህ ከተማ የ3 ወይም የ4 ዓመት ልጅ ያለው፣ ወይም ቻርተር የሚባለውን ትምህርት ቤት የሚፈልግ ሰው ሎተሪ ይሞላል፤ እስከ 12 ትምህርት ቤት በቅደም ተከተል ይደረድራል። በዲቪ የመጣ ሰው ሌላ ዲቪ ሲሞላ አስቡት።

ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸውና አንዱን አነሳች። «አየህ፣ የኛ ልጅ አለች።» ሹሩባ የተሠራች፣ ማይክሮስኮፕ ላይ ያጎነበሰች ልጅ ናት። ሐበሻ ትሁን አትሁን በምን ይታወቃል? ግን ያ ትምህርት ቤት 1ኛ ሆኖ ተሞላ።

መጀመሪያ ሳቅኩባት። ቆይቼ ሳስበው ግን ከሁለታችን ደህና አንባቢ እሷ ነበረች። የሎተሪው መረጃ በአማርኛም ይገኛል፤ ከተማው እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ሕግ አለው። የያዘቻቸው ብሮሹሮች ግን በሙሉ በእንግሊዝኛ ናቸው፤ እንግሊዝኛውን ብትችለውም የሁሉም ወሬ አንድ ነው፦ «እያንዳንዱ ልጅ»፣ «ማኅበረሰባችን»። የእሷ ጥያቄ ሌላ ነው። ልጄ እዚያ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ትሆናለች ወይ? ለዚህ የሚመልስላት ፎቶው ብቻ ነው።

ችግሩ ፎቶው ጥያቄዋን ቀድሞ ማወቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ማዲሰን ለአመልካቾች ባሳተመው መጽሔት ሽፋን ላይ፣ ስታዲየም ውስጥ ከሚጨፍሩ ነጭ ተማሪዎች መሀል ዲያሎ ሻባዝ የሚባል ጥቁር ተማሪ ይታያል። ልጁ ግጥሚያው ላይ አልነበረም፤ ፊቱ ከሌላ ፎቶ ተቆርጦ የተለጠፈ ነው። አሁን መቀስም አያስፈልግ፤ ፎቶ አንሺው ሲመጣ ያሉትን 2 ጥቁር ልጆች ከፊት ማስቀመጥ ይበቃል። ከ10,000 በላይ የኮሌጅ ብሮሹር ፎቶዎችን ያጠኑት ሶሲዮሎጂስት ቲም ፒፐርትና ባልደረቦቻቸው፣ የጥቁር ተማሪዎች ድርሻ ፎቶው ላይ ግቢው ውስጥ ካለው እንደሚበልጥ እ.ኤ.አ. በ2013 አሳይተዋል።

ፌስታሉን እንደ አንድ መጽሐፍ አነበብኩት። ማንም ብቻውን አይቀመጥም። የምሳ ሰዓት የለም፤ ማን ከማን ጋር እንደሚበላ የሚታየው እዚያ ነበር። ነጠላ የለበሰች ልጅ አለች፣ ያውም «ዓለም አቀፍ ቀን» የሚለው ገጽ ላይ ብቻ። እህቴ አየቻትና «ለበዓል ብቻ ነው እንዴ የምንጠራው?» አለች።

እኔን የከነከነኝ ግን ሳትገልጠው ወደ ጎን ያደረገችው ብሮሹር ነው። ሽፋኑ ላይ ያሉት ልጆች በሙሉ ጥቁር ናቸው፤ ዩኒፎርም ለብሰው፣ ወገባቸውን አቅንተው፣ እጃቸውን አውጥተው። ቅይጥ በሆኑት ብሮሹሮች ላይ ልጆቹ ጭቃ ያቦካሉ፣ ቀለም ይቀባባሉ። ለአንዱ ወላጅ ሥርዓት ይሸጣል፣ ለሌላው ጭቃ።

«ለምን ተውሽው?»

«እንጃ፣ ደስ አላለኝም።»

አልገፋሁም። ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ «ፈረንጅ ያለበት ጥሩ ነው» ሲባል ቡና ላይ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ፎቶ ላይ አንድ ጥቁር ልጅ ስታይ ልጇ ትታያታለች፤ ሲበዙ ግን ልጇ ከመካከላቸው መሆኗ ይጠፋታል። ባለ ማይክሮስኮፗ ልጅ ለነጭ ወላጆች ብቻ የተዘጋጀች አይደለችም። በእኛም ድብቅ ምኞት ልክ የተሰፋች ናት፦ አንዲት የኛ ልጅ ትኑር፣ ግን አትብዛ።

1ኛ የሞላችው ትምህርት ቤት ተጠባባቂ አደረጋት፤ 4ኛው ደረሳት። ልጅቷ ደህና ናት፣ አስተማሪዋን ትወዳለች። ባለፈው ሳምንት በቦርሳዋ አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። ትምህርት ቤቱ ፎቶዋን ለማስታወቂያ እንዲጠቀምበት ፈቃድ የሚጠይቅ ነው። እህቴ እስካሁን አልፈረመችም። ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል።