ከስልቻ እስከ ገልባጭ ተሳቢ

እህል ታጭዶ፣ ተከምሮ፣ ተወቅቶና በነፋስ ተጣርቶ ካበቃ በኋላ ገበሬውን የሚጠብቀው ሌላ ሥራ አለ፤ ማጓጓዝ። ስለ ማረሻና ስለ ምርጥ ዘር ብዙ ይባላል። እህሉ ከዓውድማ ወደ ጎተራ፣ ከጎተራ ወደ ገበያ ስለሚሄድበት ዕቃ ግን የሚናገር ጥቂት ነው። በደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ለሚኖር ሰው ግን የጭነት ዕቃ የዓመት ድካሙን የሚያምንበት ነገር ነው። አገሩ ከ4,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከብርዳሙ ጉና ተነሥቶ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ቆላ ይወርዳል። ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ ገበያ የሚወጣ ገበሬ ዳገት ሳይወጣ፣ ቁልቁለት ሳይወርድ፣ ጅረት ሳይሻገር አይደርስም። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ የዕቃ ጉድለት ተደብቆ አይኖርም።

የጥሩ ጭነት ዕቃ ፈተናው ሦስት ነው ብዬ አምናለሁ፦ አያፈስም፣ አያዘነብልም፣ ሲራገፍ አያስቸግርም። ሦስቱንም አስቀድሞ የፈታቸው የአገራችን ቆዳ አልፊ ነው። ስለዚህ ዛሬ የትራክተር ተሳቢ ለመግዛት የሚያስብ ገበሬ ወይም ማኅበር ቢያማክረኝ ወሬዬን የምጀምረው ከስልቻ ነው።

ስልቻ ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ ይሠራል። ብልሃቱ የሚጀምረው ገና ከገፈፋው ነው። ለስልቻ የታሰበ ቆዳ ሆዱ አይሰነጠቅም፤ በኋላ እግሮቹ በኩል ተከፍቶ ቀስ እየተባለ ወደ አንገት ይገለበጥና በሙሉነቱ ይወልቃል። ጎበዝ ገፋፊ ቢላዋውን አስቀምጦ በጡጫው ነው በሥጋውና በቆዳው መካከል የሚገባው፤ ቢላዋ ስቶ የተወው ጭረት ነገ የሚቀደድበት ቦታ ነውና። በዚህ መንገድ የወጣ ቆዳ ጎኑም ሆዱም አንድ ነው። እህሉ በሚያርፍበት ቦታ ሁሉ ስፌት የለበትም።

ቀጥሎ ልፋቱ ይመጣል። ቆዳው ጠጉሩ እስኪለቅ ይዘፈዘፋል፣ ይፋቃል፣ የሥጋ ትራፊው ይነሣል፣ በእምቧይ ፍሬ ይታሻል፣ ቅባት ይጠጣል። ከዚያ በእጅ እየተጨመቀ፣ በእግር እየተረገጠ ይለፋል። ይህ ጊዜ የሚፈጅ፣ ወገብ የሚያጎብጥ ሥራ ነው፤ አቋራጭም የለውም። ያልለፋ ቆዳ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። በደንብ የለፋ ስልቻ ግን ባዶውን ተጠቅልሎ ብብት ሥር ይገባል፤ እህል ሲሞላም ሳይጨማደድ ይወጠራል። የእግሮቹ ቆዳ ይቋጠራል፤ ቋጠሮው ቀዳዳውን ደፍኖ ለሚያነሣው ሰው መያዣ ይሆናል። አንገቱ አፍ ሆኖ በጠፍር ይታሰራል።

ጤፍ ከስልቻ ወደ ቁና ሲቀዳ ቀረብ ብሎ ማየት የሥራውን ደረጃ ያሳያል። ጤፍ ሺህ ፍሬው ተሰብስቦ ግማሽ ግራም አይሞላም፤ ማንኛውንም ክፍተት ፈልጎ ያገኛል። ቀጂዋ አንገቱን በአንድ እጇ ጨብጣ በሌላው ከሥር ታነሣዋለች። ጭብጧን ላላ ስታደርግ እህሉ በቀጭኑ ይወርዳል፣ ጠበቅ ስታደርግ ይቆማል። ውስጡ ማዕዘን ስለሌለው አንድ ጊዜ መታ መታ ሲደረግ የሚቀር ፍሬ የለም። ዕቃው ያለ መክፈቻና ያለ መዝጊያ መሣሪያ እህል ይመጥናል።

ጆንያና ማዳበሪያ ርካሽና ቀላል በመሆናቸው ስልቻን ከገበያ እያስወጡት ነው። ማዳበሪያ ፀሐይ ሲመታው ክሩ ይበጣጠሳል፤ ስፌቱም ክብደቱ ሁሉ በሚያርፍበት በታችኛው ጫፍ ነው። ስልቻም እንከን አያጣም፤ ርጥበት ይጎዳዋል፣ አይጥ ይበሳዋል፣ ቅባት ካላገኘ ይደርቃል። በአሠራሩ ግን ከሁለቱም ይበልጣል።

አለማዘንበል የሚታየው አህያዋ ላይ ነው። ጫኙ መጀመሪያ ጀርባዋን በእጁ ይዳብሳል፤ ገጣባ ካለባት ያን ቀን አትጫንም። ከዚያ ድርብርብ ጨርቅ ያነጥፋል። «በል ወንድሜ፣ እኩል እናንሣ» ይልና ሁለት ሰው ከሁለት ወገን ሁለቱን ስልቻ በአንድ ጊዜ ያወጣል፤ አንዱ ከቀደመ ጭነቱ ከመነሻው ያጋድላል። የሚያስሩት በመጫኛ ነው። ይህ ጠፍር ከበሬ ቆዳ ጠርዝ ተነሥቶ ወደ መሃል እየዞረ ሳይቋረጥ የወጣ ነው፤ ርዝመቱን ሁሉ ቅጥያ የለውም። ጥቂት እንደተሄደ ቆም ብሎ መጫኛውን ዳግም ማጥበቅ የልምድ ሰው ምልክት ነው። እህል በመንገድ ንቅናቄ ይረጋል፤ እህሉ ሲረጋ መጫኛው ይላላል። ስልቻ ደግሞ ለአህያዋ ጎን ቅርጽ ስለሚታዘዝ አይወጋትም፣ አይፍቃትም።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ እጅ ግን በአገራችን ክብር ሳያገኝ ኖሯል። ቆዳ አልፊውን፣ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን በስድብ ስም እየጠራን በሥራቸው ተጠቅመናል። ነውር ነበር፤ ዛሬም ያልተወ ካለ ነውር ነው።

ከባድ ጭነት በመንኮራኩር በዚህ አገር ያለፈበት ታሪክም አለ። አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት በአውሮፓውያን ባለሙያዎች ያሠሩት ሴባስቶፖል መድፍ ክብደቱ ወደ 7 ቶን፣ ማለት ወደ 70 ኩንታል ይገመታል። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በጋይንት፣ በጨጨሆ፣ በዋድላና በደላንታ አድርጎ መቅደላ የደረሰው በዚያው ዓመት በመጋቢት ነው። መንገዱ ከሠረገላው ፊት ፊት እየተደለደለ፣ ንጉሡም ራሳቸው ከሠራዊቱ ጋር እየሠሩ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እየጎተቱት ሄደ። እንደ ጅጣ ሸለቆ ባለ ቦታ ደግሞ ሥራው መጎተት ብቻ አልነበረም፤ ወደኋላ መያዝም ነበረበት። ዳገት የመሳብ ጉልበት ይፈልጋል፣ ቁልቁለት የማቆም። ዛሬም ጋይንትን አቋርጦ በሚያልፈው፣ ቻይናውያን በሠሩት የወረታ–ወልድያ መንገድ ላይ ከባድ መኪኖች ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ቀስ ብለው የሚወርዱት ለዚሁ ነው።

ወደ ተሳቢው እንምጣ። ገልባጭ ተሳቢ የጋይንትን ገደል ሁሉ አይፈታም፤ ጎማ በማይገባበት አህያ ትቀጥላለች። የገጠር መንገድ በደረሰበትና ትራክተር በተገኘበት ግን እህል፣ ፍግ፣ ድንጋይና አሸዋ በአንድ ዕቃ የሚመላለስበት ጊዜ ነው። ሦስቱ ፈተናዎች አልተለወጡም።

የብረት ስፌቱ ብየዳ ነው። ጥሩ ብየዳ እንደ ዓሣ ቅርፊት በእኩል መጠን እየተነባበረ ይሄዳል፤ ቀዳዳም ያረረ ቦታም የለበትም። እዚህም እዚያም ብቻ ጠቅ ጠቅ ተደርጎ የተያያዘ ላሜራ በቀለም ሊሸፈን ይችላል፤ ቀለም ግን ጤፍ አያቆምም። ከሁሉ የላቀው አሠራር ወለሉና ጎኑ ከአንድ ላሜራ ታጥፎ የወጣበት ነው። ማዕዘኑ ክብ ይላል፣ እህል አይደበቅበትም፣ ከታች የሚበየድ ነገር አይኖርም። ስልቻ ሠሪው ሆዱን ባለመሰንጠቅ ያገኘውን ብረት ሠሪው በማጠፍ ያገኘዋል። የኋላው ስፖንዳ መሃሉ ላይ ወደ ላይ የሚንሸራተት ትንሽ በር ካለው ደግሞ ካሶኒው ሙሉ ለሙሉ ሳይገለበጥ እህሉ በቀጥታ ወደ ጆንያ ይቀዳል። የስልቻው አንገት ይሠራው የነበረው ሥራ ይህ ነው።

በክብደት በኩል ብዙ ገዢ የሚጠይቀው የካሶኒውን ስፋት ብቻ ነው። ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ወርዱ 1.60 ሜትር፣ ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ካሶኒ 2.88 ሜትር ኩብ ይይዛል። በገብስ ሲሞላ ወደ 18 ኩንታል፣ በስንዴ ወደ 22፣ በደረቅ አሸዋ ግን ወደ 46 ኩንታል ይሆናል። ካሶኒው ያው፣ ሙላቱም ያው፤ አክስሉ የሚሸከመው ግን ከእጥፍ በላይ። ስለዚህ እህልም አሸዋም ላመላልስበት የሚል ሰው አክስሉን፣ ባሌስትራውን፣ ኩሽኔታውንና ጎማውን በአሸዋ ልክ ይምረጥ፤ አቅሙ ካልፈቀደም አሸዋው እስከ የት እንደሚሞላ ስፖንዳው ላይ በቀለም ያስምር። ባለ አንድ አክስል ተሳቢ ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ያህሉ ወደፊት፣ ወደ መጎተቻው ማድላት አለበት። ወደኋላ ካደላ የትራክተሩን የኋላ ጎማ እያቀለለ ፍሬኑን ከንቱ ያደርገዋል። በዚህ አገር የራሱ ፍሬን የሌለው ከባድ ተሳቢ መግዛት አይገባም። ቁልቁለት ላይ ተሳቢ ትራክተሩን ይገፋል፣ ከኋላ ዞሮም ያጥፈዋል፤ እንደ ቴዎድሮስ መድፍ ወደኋላ የሚይዘው ሠራዊት ዛሬ የለም።

ማራገፍ በስተመጨረሻ ቢመጣም አደጋው የከፋው እርሱ ነው። ደረቅ እህል ወለሉ ወደ 30 ዲግሪ ሲያጋድል ይፈስሳል፤ እርጥብ አሸዋና ፍግ ግን ተጣብቀው ይቀራሉና እስከ 45 ዲግሪ የማይነሣ ካሶኒ በአካፋ ያስለፋል። ፒስተኑ ሲገፋ ካሶኒው ወደ ጎን ሳይወላወል መውጣት አለበት። የሚወላወል ከሆነ የኋላው ማጠፊያ ፒን ሰፍቷል ወይም ጠማማ ተበይዷል። ፒኑ ግሪስ የሚጠጣበት ቀዳዳ እንዳለው ይታይ። ካሶኒው ተነሥቶ ሳለ ሥሩ ገብቶ ለመሥራት የሚቆም ወፍራም የብረት ድጋፍ ከሌለው፣ የዘይት ጎማ ቢፈነዳ የሚያድን ነገር የለም። ዘንበል ባለ መሬት ላይም ፈጽሞ አይገልበጥ፤ ከፍ ያለ ጭነት ትራክተሩን ይዞ ይወድቃል።

ዋጋ ሲነገር ብዙዎቻችን ርካሹን እንመርጣለን። በጥሩ ሁኔታ የታጠፈ ላሜራ፣ ወጥ ብየዳና የራሱ ፍሬን ዋጋውን እንደሚያንሩት እውነት ነው። ከካሶኒ ሥር በየጉዞው የሚንጠባጠብ እህል ግን በደረሰኝ ባይጻፍም ዋጋ ነው፤ ቁልቁለት ላይ የሚጠፋ ሕይወት ደግሞ ዋጋ አይወጣለትም። ስለዚህ ገዢዎች ሆይ፣ ወደ ብየዳ ቤት ስትሄዱ አንድ ቁና ጤፍ ይዛችሁ ሂዱ። ካሶኒው ወለል ላይ አፍስሱት፣ ማዕዘኖቹ ጋ አድርሱት፣ ተሳቢውን አስነቅንቁት። ጤፍ መሬት ላይ ከወረደ አትግዙ፤ ለበያጁም ምክንያቱን ንገሩት። ካልወረደ ሥራውን አመስግኑ፣ ዋጋውንም ሳትከራከሩ ክፈሉት።