ርካሹ ዲጂታል ቴስተር ምን ያህል ይታመናል?

በኤሌክትሮኒክስ ላቦራቶሪያችን ውስጥ ተማሪዎች ከቦርሳቸው እያወጡ የሚሠሩበት አንድ አነስተኛ ቢጫ መለኪያ አለ። በገበያ «ቴስተር» ይባላል። በላዩ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ዲቲ-830 የሚል ጽሑፍ ይገኝበታል፤ የሚሠራው ግን አንድ ፋብሪካ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ሠሪዎች በየስማቸው ያወጡታል። ስለዚሁ መለኪያ በመካከላችን ሁለት አሳብ ሲነገር እሰማለሁ። አንደኛው ወገን «ይኸ የልጆች መጫወቻ ነው፤ ወደ ላቦራቶሪ መግባት አይገባውም» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ቁጥሩ በመስኮቱ ላይ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ ሌላ ጥያቄ የሚያስፈልግ አይመስለውም። እኔ በራሴ ቴስተር ሁለት ወሰነ ትምህርት ያህል ከሠራሁና መመሪያውን ከመዘውሩ ጋራ እያመሳከርሁ ካነበብሁ በኋላ፣ ሁለቱም ወገኖች ዕቃውን ሳይመረምሩት ፈርደዋል ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ «መጫወቻ ነው» ለሚሉት መልስ ልስጥ። የዚህ መለኪያ ልብ አንዲት ቺፕ ናት። የቺፗ ዐይነት የመጣው ኢንተርሲል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ካወጣው 7106 ከተባለው ሥራ ነው። የአሠራሩ ዘዴ እጅግ ብልህ ነው። የሚለካው ቮልቴጅ ለተወሰነ ጊዜ አንድ ካፓሲተር ይሞላል፤ ቀጥሎም ልኩ አስቀድሞ የታወቀ ሌላ ቮልቴጅ ያንኑ ካፓሲተር ባዶ እስኪሆን ድረስ ያፈሰዋል፤ ማፍሰሱ የፈጀው ጊዜ ይቆጠርና ያ ቁጥር በመስኮቱ ላይ ይወጣል። የሞላውም የፈሰሰውም ያው አንድ ካፓሲተር፣ የቆጠረውም ያው አንድ ሰዓት ስለ ሆነ፣ ካፓሲተሩ ወይም ሰዓቱ ከልኩ ጥቂት ቢዛነፍ ስሕተቱ እርስ በርሱ ይጣፋል። እንግዲህ ትክክለኛ መሆን ያለባቸው ያ የታወቀው ቮልቴጅና ቮልቴጁን የሚከፋፍሉት ጥቂት ሬዚስተሮች ብቻ ናቸው። መለኪያው ርካሽ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይኸው ዘዴ ነው። ስለዚህ የዋጋውን ማነስ ብቻ አይቶ በዲሲ ቮልቴጅ የሚሰጠውን ንባብ መናቅ አይገባም።

ከእኔ ቴስተር ጋራ የመጣው መመሪያ በ20 ቮልት እርከን ላይ የሚፈጠረው ስሕተት ከንባቡ 0.5 በመቶና 2 አኃዝ እንደማይበልጥ ይናገራል። ይኸንን ወደ ሥራ እንመልሰው። መስኮቱ 5.00 ቮልት ቢል፣ 0.5 በመቶው 0.025 ነው፤ የመጨረሻው አኃዝ 0.01 ቮልት ስለ ሆነ 2 አኃዝ ማለት 0.02 ነው። በጠቅላላው 0.045 ይሆናል። እንግዲህ እውነተኛው ቮልቴጅ ከ4.955 እስከ 5.045 ባለው ውስጥ የትም ሊሆን ይችላል። የ74 ተከታታይ የተባሉት የሎጂክ ቺፖች ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት ድረስ ይሠራሉና፣ ለእነርሱ የሚሰጠውን ኃይል ለመመርመር ይኸ ከበቂ በላይ ነው። ነገር ግን ያው ተማሪ መዘውሩን በ200 ቮልት እርከን ላይ ረስቶት ቢለካ፣ 2 አኃዝ ማለት 0.2 ቮልት ይሆንና ስሕተቱ አምስት እጥፍ ያድጋል። ዕቃው ያው ነው፤ የተለወጠው የሰውየው ጥንቃቄ ነው።

በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የፊዚክስ መምህራችን የነበራቸው መለኪያ ባለ መርፌ ነበር። ከመርፌው በታች ቀጭን መስተዋት ተለጥፎበታል፤ መርፌውና በመስተዋቱ ውስጥ ያለው ጥላው አንድ እስኪሆኑ ድረስ ዐይናችንን እያስተካከልን ማንበብ ነበረብን። መምህሩም ከቁጥሩ አጠገብ «ሲደመር ወይም ሲቀነስ ግማሽ ክፍልፋይ» ብሎ ያልጻፈውን ተማሪ ደብተር ሳያርሙ ይመልሱ ነበር። መርፌው በራሱ እየተንቀጠቀጠ እርግጠኛ አለመሆኑን ይነግረን ነበር። ዲጂታሉ ግን አይንቀጠቀጥም፤ ቁርጥ ያለ ቁጥር ያቀርባል፤ ተማሪውም ያንን ቁጥር ተቀብሎ በ1.5 ኪሎ ኦም ያካፍልና 3.3333 ሚሊ አምፔር ብሎ በሪፖርቱ ላይ ያሰፍራል። አራቱ ሦስቶች ከየት መጡ? ከመለኪያው አልመጡም፤ ከሒሳብ ማሽኑ ነው የመጡት። እንደነዚህ ያሉ ሪፖርቶች እኔም ራሴ ጽፌአለሁ፤ ሙሉ ነጥብም አግኝቼባቸዋለሁ። በዚህ ላይ መምህራኖቻችንን በአክብሮት እወቅሳለሁ።

ይሁን እንጂ የመርፌውን ዘመን ያለ ልክ ማወደስም ትክክል አይደለም። አንድ ቀላል ሙከራ አደረግሁ። እያንዳንዳቸው 1 ሜጋ ኦም የሆኑ ሁለት ሬዚስተሮች በተከታታይ አስሬ 9 ቮልት ሰጠኋቸው። በመካከላቸው 4.5 ቮልት መገኘት አለበት። የእኔ ቴስተር ያሳየኝ 3 ቮልት ገደማ ነው። ቴስተሩ ተበላሽቶ አይደለም። የራሱ የመግቢያ ሬዚስታንስ 1 ሜጋ ኦም ስለ ሆነ፣ ከታችኛው ሬዚስተር ጋራ ጎን ለጎን ሲታሰር ሁለቱ አንድ ላይ ግማሽ ሜጋ ኦም ይሆናሉ፤ ሒሳቡም ልክ 3 ቮልት ይሰጣል። የመግቢያ ሬዚስታንሱ 10 ሜጋ ኦም የሆነ ውድ መለኪያ ቢሆን ኖሮ 4.29 ያህል ያሳይ ነበር። ለእያንዳንዱ ቮልት 20,000 ኦም ያለው የታወቀው ባለ መርፌ መለኪያ ግን፣ በ10 ቮልት እርከን 200 ኪሎ ኦም ብቻ ስለሚሆን፣ 1.29 ቮልት ያህል ያሳየን ነበር። መጫወቻ የተባለው በዚህ ረገድ ከአሮጌው መኰንን ይልቅ እውነቱን ቀርቦ ተገኘ። ሆኖም የትራንዚስተር ቤዝ ወይም ትልልቅ ሬዚስተሮች ባሉበት ስፍራ ሁሉ መለኪያው ራሱ የሰርኪዩቱ አንድ አካል መሆኑን መርሳት አይገባም።

ወደ ኤሲ ስንመጣ ነገሩ ይከፋል። በዲቲ-830 ላይ ያሉት የኤሲ እርከኖች ሁለት ብቻ፣ 200 እና 750 ቮልት ናቸው። የእኛ አገር የመብራት ኃይል 220 ቮልት ስለ ሆነ ከመጀመሪያው እርከን ያልፋል፤ ስለዚህ የግድ በ750 ላይ ይለካል። በዚያ እርከን የመጨረሻው አኃዝ ራሱ 1 ቮልት ነው። መመሪያው የሚፈቅደው ስሕተት 1.2 በመቶና 10 አኃዝ በመሆኑ፣ መስኮቱ 220 ሲል እውነቱ ከ207 እስከ 233 ድረስ ሊሆን ይችላል። ከአንድ ትንሽ ትራንስፎርመር የሚወጣ 6 ቮልት ሲለካም 10 አኃዝ ማለት 1 ቮልት ስለ ሆነ፣ ንባቡ ለግምት እንጂ ለሪፖርት አይሆንም።

ከዚህም የባሰ አለ። መለኪያው ኤሲን የሚያነበው በአንዲት ዳዮድ የሞገዱን ግማሽ ብቻ አሳልፎ፣ አማካዩን ወስዶ፣ ሞገዱ ሳይን ነው በሚል ግምት በ2.22 በማባዛት ነው። ሞገዱ ሳይን ካልሆነ ግምቱ ይፈርሳል፤ አራት ማዕዘን ለሆነ ሞገድ 11 በመቶ ያህል አብዝቶ ያሳያል። ለማረጋገጥ የፈለገ ሰው አንድ ባለ 9 ቮልት ባትሪ በኤሲ እርከን ይለካ፤ በአንድ በኩል ሲያስረው 20 ገደማ፣ ገመዱን ሲያገላብጠው ዜሮ ያገኛል። ባትሪው ግን ያው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ባለፈው ዓመት አንድ ጓደኛዬ የሞተር ኮረንቲ ሲለካ ቀዩን ገመድ 10 አምፔር በሚለው ቀዳዳ ውስጥ ሰክቶት ነበር። ሥራውን ጨርሶ፣ ገመዱን ወደ ቦታው ሳይመልስ፣ «መብራት አለ ወይ?» ብሎ ሁለቱን ጫፎች ወደ ግድግዳው ሶኬት ከተተ። ብልጭታው ክፍሉን ሞላው፤ የገመዱ ጫፎች ቀለጡ፤ የሕንፃው መከላከያ ዘለለ። ጓደኛዬ ደኅና ነው፤ ጣቱ ላይ ግን ጥቁር ምልክት ለብዙ ቀን ቆይቶበታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከዚያ ቀዳዳ በስተ ኋላ ያለው አንድ ወፍራም የሽቦ ቁራጭ ብቻ ነው፤ ፊውዝ የለበትም፤ ይኸም በቀዳዳው አጠገብ በትንንሽ ፊደል ተጽፎአል። ሶኬቱን በሽቦ እንደ ማገናኘት ያህል ነው።

እዚህ ላይ በመዘውሩ ላይ የተጻፈው 750 ሊያታልለን አይገባም። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን 61010 በተባለው ደንቡ መለኪያዎችን የሚመድበው በሚለኩት ቮልቴጅ ብቻ አይደለም፤ በመብራት መሥመር ላይ በድንገት የሚፈጠረውን ከፍተኛ ግፊት በመቻላቸውም ጭምር ነው። ካት 3፣ 600 ቮልት የሚል መለኪያ 6,000 ቮልት የሚደርስ ቅጽበታዊ ግፊት መቋቋም አለበት። ለዚህም በውስጡ ሰፊ ክፍተትና በአሸዋ የተሞላ ጠንካራ ፊውዝ ያሻዋል። የእኔን ቴስተር ከፍቼ ያየሁት ግን አንዲት ቀጭን የመስተዋት ፊውዝና እርስ በርሳቸው የተጠጋጉ መሥመሮች ናቸው። በሣጥኑ ላይ ምንም ዓይነት ምልክት ቢታተም፣ ማኅተሙ ክፍተቱን አያሰፋውም። ስለዚህ በዲሲ ጠረጴዛ ላይ የምከራከርለትን ይኸንኑ ዕቃ፣ በግድግዳው ሶኬት ላይ ማንም እንዲነካው አልፈቅድም።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ባትሪው። የውስጡ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ሲደክም ያ «የታወቀ» ያልነው ቮልቴጅ አብሮ ይወርዳል፤ በዚህም ጊዜ ንባቡ ከእውነቱ በላይ ይወጣል። ሰርኪዩቱ የተበላሸ እየመሰለው አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ የደከመ ሰው አውቃለሁ።

የትምህርት ክፍሎች ብዙውን ጊዜ አንድ ውድ መለኪያ ገዝተው በቁም ሣጥን ይቈልፉበታል፤ ሃያ ተማሪ ተራ ሲጠብቅ ጊዜው ያልቃል። እኔ የማቀርበው አሳብ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ተማሪ አንድ ርካሽ ቴስተር ይሰጥ፣ የ10 አምፔሩም ቀዳዳ በፕላስተር ይታሸግ፤ ውዱ መለኪያ ደግሞ ለመብራት መሥመርና በየወሰነ ትምህርቱ መጀመሪያ የርካሾቹን ንባብ ለማመሳከር ይቀመጥ የሚል ነው። የተገኘው ልዩነት በእያንዳንዱ ቴስተር ጀርባ ላይ በወረቀት ይለጠፍ። «ተማሪ ፕላስተሩን ይነቅለዋል» የሚሉኝ አሉ፤ ሊነቅለው ይችላል፤ ግን ሲነቅለው የሚነቅለውን ያውቃል፤ ጓደኛዬ ያጣው ያንን ዕውቀት ነበር።

ሙከራውን ለመድገም የሚፈልግ ሰው ቢኖር፣ ሁለቱ ባለ 1 ሜጋ ኦም ሬዚስተሮች በሰሌዳቸው ላይ እንደ ታሰሩ በላቦራቶሪው በስተ ግራ ባለው መሳቢያ ውስጥ ይገኛሉ።